ሁሉን የሠራው ዳምጠው

የዳምጠውን ሞት የነገረችኝ በድሮው መሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ የነበረችው አስናቀች ናት። ስልኩን አንስቼ አቤት ከማለቴ «ሰማሽ? ዳምጠው አረፈ እኮ!» አለችኝ። ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል። አሁን የቀድሞ ባልደረቦቹ ለአርባው የሚታደል ትንሽ መጽሔት ሊያሳትሙለት ነው፤ ሁሉም አንዳንድ ነገር ይጽፋል።

«ከማንም በላይ አብረሽው የሠራሽ አንቺ ነሽ» አለች አስናቀች። «የማይረሳሽን ጻፊ። ግን በሞቴ፣ ጥሩ ጥሩውን።»

ስለ ዳምጠው ጥሩ ጥሩውን በመጻፍ ራሱን ዳምጠውን የሚያህል አልነበረም። እሱ ደግሞ አሁን የለም። ስለዚህ እኔ የማይረሳኝን እጽፋለሁ፤ መጽሔታቸው ላይ ካልፈለጉት ይተዉት።

ሟች በአንቱታ ነው የሚጠራው የሚል ይኖራል። በሕይወቱ ሳለ፣ በዕድሜ ብዙ እየበለጥኩት፣ አለቃዬ ነውና አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል። እሱ እኔን «እትዬ ጽጌ» እያለ አንቺ ይለኝ ነበር። በአንድ እጁ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ማድረግ ይችልበታል።

አጠር ደልደል ያለ ሰው ነው። ኮቱን ለብሶት አያውቅም፤ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። ትልቅ ነገር ሊናገር ሲል ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ሰዎች ጠልቆ የሚያስብ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ዝም ብሎ የጨፈነ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት አባባል ነበረችው፤ «ዋናው አቀራረቡ ነው።»

ክፉ ነበር አልልም። ክፋትም እኮ ትጋት ይጠይቃል።

መሥሪያ ቤታችን መገናኛ አካባቢ ነበር፤ የመንግሥት የመጋዘን ድርጅት ነው። እኔ ነገረ ፈጅ ነበርኩ፤ ድርጅቱ ሌላውን ሲከስም ሲከሰስም ፍርድ ቤት የምቆምለት እኔ ነኝ። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ከዚህ የቀረው የግል ጉዳዬ ነው።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕግ ክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ወንበሩ ላይ እኔን አስቀመጡኝ፤ በተጠባባቂነት። ተጠባባቂ ማለት ሥራውን ሁሉ ሠርቶ ስሙን የማያገኝ ሰው ማለት ነው። ለዓመታት ተጠባበቅሁ። ክፍሉን የማውቀው እንደ ጓዳዬ ነበር፤ የትኛው መዝገብ የት ችሎት እንዳለ፣ የትኛው ዳኛ ረፋዱ ላይ እንደሚቆጣ፣ የትኛው ደንበኛ እየተለማመጠ እንደሚክድ። ቦታው የእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ማስታወቂያ ወጣ፣ ዳምጠውም መጣ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ አይቀየሙኝ። የእርስዎ ልምድ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ነው። ይህ ሰውዬ ዳኛ ነበር፤ ዓቃቤ ሕግ ነበር፤ ኮሌጅ አስተምሯል፤ አማካሪ ሆኗል። ያልነካው የሕግ ዘርፍ የለም።»

«ከነካው ውስጥ የጨረሰው አለ?» አልኳቸው።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ምንም።»

ወጥቼ ወንበሩን ጠርጌ አስረከብኩት።

የዳምጠው ልምድ እንዴት እንደዚያ እንደበዛ ያወቅሁት በፍርድ ቤት ኮሪደር ነው። በማታው ትምህርት አብሮኝ የተማረ አንድ ዓቃቤ ሕግ አገኘኝና ስለ አዲሱ አለቃዬ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ።

«እናንተ ጋ ነው እንዴ የገባው? እኛ ጋ እኮ አንድ ክስ ሳይመሠርት ነው የሄደው። ጋቢ አልብሰን ሸኘነው።»

«ጋቢ?»

«ታዲያስ! መጥፎ ደብዳቤ ብንጽፍለት ማን ይወስድልናል? ታታሪ፣ ቅን፣ ምስጉን ብለን ጻፍንለት። ከእኛ በፊት የነበረበት ፍርድ ቤትም እንዲሁ ብሎ ነው ለኛ የላከልን። እናንተም አትስነፉ፤ አሞግሱት፣ ይሄድላችኋል።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ሰውየውን መገላገያው መንገድ ማመስገን ነበር። እያንዳንዱ ቤት መርቆ ወደሚቀጥለው ይገፋዋል፤ እሱ ደግሞ እያንዳንዱን ግፊት እንደ ዕድገት ጽፎ ይይዘዋል። እኔ ግን ተሸኝቼ ስለማላውቅ አንዲት የምስጋና ደብዳቤ አልነበረችኝም። የሚፈለግ ሰው አይመሰገንም፤ ሥራ ነው የሚጨመርለት።

ሲቪው አንድ አልነበረም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ለግል ኩባንያ ሌላ፣ ለውጭ ድርጅት ሌላ ነበረው፤ ለየለቅሶው የተለየ ነጠላ እንዳለው ሰው። አንድ ወረዳ ላይ በዳኝነት ያሳለፋት አጭር ጊዜ በአንደኛው የመልካም አስተዳደር፣ በሌላው የሴቶች መብት፣ በሦስተኛው የንግድ ሕግ ልምድ ሆና ትገኛለች። እዚያ ወረዳ የምን ንግድ እንደነበረ እግዜር ይወቅ።

አንድ ጊዜ በሰፈሩ ዕድር የድንኳን ጠብ ተነሣ። ድንኳኑን ዝናብ ላይ ጥሎ ያበሰበሰው ማን ነው የሚል ጠብ ነው። ዳምጠው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኖ ሁለት እሑድ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ሲቪው ላይ «በአማራጭ የግጭት አፈታት ዘዴዎች ሰፊ ልምድ ያለው» የሚል ገባ።

«አስታረቃችኋቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ» አለኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። «ግን ሂደቱ በጣም ጥሩ ነበር። እኔም አሁን የሁለቱም አባል ነኝ።»

ሰው ይወደው ነበር። ይህንን መደበቅ አልችልም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ሁሉ ሰላም ይላል። ለቅሶ ቤት ከቤተ ዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። ጽዳት ሠራተኞቹን በልጆቻቸው ስም ይጠራቸዋል። እኔ ደግሞ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ፊቴም አይፈታም ይሉኛል። በየግምገማው፣ በዚያ ዘመን ሁላችንም በየተራ ቆመን በምንተችበት ስብሰባ፣ እጁን የሚያወጣብኝ እሱ ነበር፤ «እትዬ ጽጌ ጠንካራ ሠራተኛ ናት፤ ነገር ግን የቡድን መንፈስ ይጎድላታል።» ቡድኑ እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ፍርድ ቤት አብረን የቆምነው ጥቂት ጊዜ ነው። ከነዚያ አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የመጋዘን ኪራይ ክርክር ላይ ተቃራኒው ጠበቃ መቃወሚያ አነሣ። ዳምጠው ኮቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሣ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ራሴ በዳኝነት ባገለገልኩበት ዘመን እንዲህ ያለው መቃወሚያ በየቀኑ ነበር የሚቀርብልኝ...»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ ግን ወዲያ ማዶ ነው የቆሙት። የሚጠቅሱት ሕግ ካለ ይጥቀሱልን።»

ዓይኑን ጨፈነ። ችሎቱ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ዓይኑን ሲገልጥ «ተጨማሪ ጊዜ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ» አለ፤ ዳኛዋም ሰልችቷቸው ቀጠሮ ሰጡት። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርጎ «አየሽ እትዬ ጽጌ? ቀጠሮ አስለወጥኳቸው» አለኝ። እንደ ድል ቆጥሮት ነበር። ከዚያ ወዲያ ችሎት አልረገጠም። ጉዳዩን ሁሉ ለእኔ ተወው፤ ለራሱ ያስቀረው ፊርማውን ነው። በድርጅታችን አሠራር ክስም ሆነ መልስ የሚወጣው በሕግ ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ እኔ እቆማለሁ።

የመሬቱ ጉዳይ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከፈረንሳይ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ መጋዘን ነበረን። አጠገቡ ቦታ የገዛ ነጋዴ የግቢያችንን ግማሽ ይዞታዬ ነው ብሎ ከሰሰን። ድንበሩ በግቢው መሐል የሚያልፈው የባሕር ዛፍ መስመር ነው አለ፤ ፕላኑንም በዚያው ልክ አሠርቶ ነበር። እኛ ጋ የነበረው ወረቀት የተቀዳደደና እርስ በርሱ የሚጣረስ ነው። ዳምጠው መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ የጠፋ ጉዳይ ነው፤ ከሰውየው ጋር ተስማምተን ብናካፍለው ይሻላል» አለኝ። በማግስቱ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቤቱ ተኛ። ጉንፋኑ የምስክር መስማቱ ሂደት እስኪያልቅ አለቀቀውም።

እኔ ዳገቱን ወጣሁ። አካባቢውን ድሮ ያርሱ የነበሩ ሰዎች የት እንዳሉ እየጠየቅሁ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመራሁ፣ በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ ጋ ደረስኩ። ልጆቻቸው ከተማ የሚሠሩ፣ እሳቸው ግን ከዳገቱ አልወርድም ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በኦሮምኛ ለልጃቸው ይናገራሉ፣ በአማርኛ ለእኔ፤ መሐል ላይ ሁለቱን ይቀላቅሉታል። መጋዘኑ ያለበት ቦታ ድሮ እርሻቸው ነበር።

«አባባ፣ ድንበሩ ይሄ የባሕር ዛፍ ነው ይላል ሰውየው» አልኳቸው።

«ማን ተከለው ይላል?»

«እሱን አልተናገረም።»

«እኔ ነኝ የተከልኩት» አሉና ሳቁ። «በሬዎቼ እንዳያልፉ ብዬ ነው። ድንበር ነው አላልኩም።» ከዚያ በዱላቸው ወደ ታች፣ ከግቢያችን ጫፍ ወደምትወርደው ወንዝ አመለከቱኝ። «ልጄ፣ ዛፍ ሰው ባቆመው ነው የሚቆም። ውኃ ግን መንገዱን ራሱ ነው የመረጠ። ድንበሩ ውኃው ነው።»

ችሎት ይዣቸው ቀረብኩ። ዳኛው በየትኛው ቋንቋ እንደሚመሰክሩ ሲጠይቋቸው፣ ኦቦ ቱፋ «እውነት ከሆነ በሁለቱም ይሆናል» አሉ። ዳኛው ሳቁ፤ ችሎቱም ሳቀ፤ የነጋዴው ጠበቃ ብቻ አልሳቀም። በመስቀለኛ ጥያቄ ያልጎተታቸው ቦታ የለም፤ ንቅንቅ አላሉም። ፈረዱልን። ነጋዴው ይግባኝ ጠየቀ፤ እዚያም አሸነፍኩት። በሕይወቴ አንድ ሥራ ሠርቻለሁ የምል ከሆነ ያ ነው።

ውሳኔው ሲመጣ ዳምጠው ድኖ ነበር። ክፍሌ ድረስ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ አለን» አለኝ። ደስ አለን። ስለ ኦቦ ቱፋ ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ያን ቀን ግን በእውነት እያዳመጠኝ ኖሯል።

ከዚያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሁሉ ያመሰው ለውጥ መጣ፤ ቢ.ፒ.አር. እንለው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ የተቀመጠበትን ወንበር ለቅቆ ለቦታው እንደ አዲስ እንዲወዳደር ታዘዘ። ስንት ሰው ያን ሰሞን ደም ግፊት እንደያዘው የምናውቅ እናውቃለን። የሕግ ክፍል ኃላፊነቱ ስሙ ተለውጦ የሥራ ሂደት መሪ ተባለ። ዳምጠው ለዚህ አልተጨነቀም፤ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ቪላ የተከራየ አንድ የውጭ ድርጅት አማካሪ አድርጎ ወስዶታል። እኛም ሸኘነው። ጋቢው ጥለቱ የሚያምር ነበር።

ቦታው ክፍት ሆነ። ለእኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻው ዕድል ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግን መስፈርቱ በዳምጠው ልክ የተሰፋ ልብስ ሆኖ አገኘሁት፤ «በተለያዩ የሕግ ዘርፎች የዳበረ ልምድ ያለው ወይም ያላት።» የእኔ የሥራ ልምድ ወረቀት ላይ አንድ መሥሪያ ቤትና አንድ መደብ ነው ያለው።

ዳምጠው ይህን ሰምቶ ደወለልኝ። «ሲቪሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። እንዳልሄድ ኩራቴ ይዞኝ ነበር፤ ግን ሄድኩ። መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀመጥን። ወረቀቴን አነሣና አንብቦ ሳይጨርስ ሣቁን ለቀቀው።

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ሲቪ አይደለም፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ሥራ፣ እስከ ሞት!»

«እውነቱ ነዋ።»

«እውነቱማ ይሁን፤ ዋናው አቀራረቡ ነው።» እስክሪብቶ አወጣ። «ጥበቃው ከሌባ ጋር ተመሳጥሮ የተያዘ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያና ዓቃቤ ሕግ ጋ የተመላለሰው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ወንጀል። የሠራተኛ ማኅበሩ ስለ ትርፍ ሰዓት ሲያስቸግር የተደራደረው?»

«እኔ።»

«የሥራ ክርክርና የኅብረት ስምምነት። መጋዘን ሲከራይ ውል የሚያረቀው?»

«እርስዎ እንኳ አልነበሩም» አልኩት።

ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። «ውል። አንቺ ቀበሌሽ ውስጥ ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተመርጠሽ አልነበረም?»

«ሁለት ዓመት። የጎረቤት አጥርና የስድብ ጉዳይ ነበር።»

«እትዬ! ዳኛ ነሽ እኮ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችን።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። እየጻፈ ሲያነብልኝ ሐሰት አልነበረበትም። በአንድ መስመር ጨፍልቄ ያስቀመጥኩትን ዕድሜ ፈልቅቆ በየመልኩ አስቀመጠው። አንድም ቀን ሠርቼዋለሁ ብዬ የማላስበውን ሁሉ መሥራቴን ያወቅሁት ከዚህ ሰው አፍ ነው። አስተካክሎ አስተይቦ በሳምንቱ ሲያመጣልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሴት እኔ ራሴ በቀጠርኳት ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፤ «በአቶ ዳምጠው መሪነት በተካሄደው ከፍተኛ የመሬት ይዞታ ክርክር ረዳት ሆና ሠርታለች።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የመሬት ልምድሽ ነዋ።»

«ረዳት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ጽጌ፣ የእኔ ሲቪ ሄዷል። ክርክሩን የመራሁት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። የሽማግሌውን ነገር፣ ያን የውኃውን፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ስነግራቸው ፈረንጁ ከወንበሩ ነው የተነሣው! አሁን አንቺ ሌላ ብትጽፊ አንዳችን ዋሾ መሆናችን ነው።»

«አንዳችንማ ነን።»

ሳቀ። መቆጣት አይችልበትም። «መልሱ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? እንደዚህ ከተውሽው እኔም ለሥራ አስኪያጁ አንድ ጥሩ ቃል ጣል አደርግልሻለሁ። ካልተውሽው ግን ከሰነዱ ጋር የምትጣይው አንቺ ነሽ።»

ቤቴ ገብቼ ያን መስመር ሰረዝኩት። በቦታው «የመሬት ይዞታ ክርክሩን ከመልሱ እስከ ይግባኙ አዘጋጅቼ፣ ብቻዬን ተከራክሬ አሸንፌያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን የእሱን አቀራረብ እንዳለ ተውኩት፤ እውነት ነበርና። አስተይቤ አስገባሁት።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ አስናቀችና የሠራተኛው ተወካይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ነበር። «ይህን ሁሉ መሥራትዎን አናውቅም ነበር» አሉ ሥራ አስኪያጁ። አብሬያቸው ስንት ዘመን ስሠራ ያላወቁትን ከወረቀት ሲያነቡት አወቁት። ከዚያ ግን ገጹን ገለጡና ግንባራቸው ተቋጠረ። የመሬቱን መዝገብ አስመጥተው ኖሯል።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ እዚህ ብቻዬን ይላሉ። መልሱ ላይ ያለው ፊርማ የአቶ ዳምጠው ነው።»

«አሠራራችን ነው። የሚፈርመው ኃላፊው ነው። ችሎት የቆምኩት እኔ መሆኔ መዝገቡ ላይ አለ።»

«መቆምዎን አልካድንም። ጉዳዩን የመራው ማን ነው የሚለው ነው። እሳቸው በዓመቱ ሪፖርት ላይ በእኔ አመራር ብለዋል።»

«ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር።»

የሠራተኛው ተወካይ ሣቁን ዋጠ። አስናቀች «ጽጌ፣ ተረጋጊ» አለችኝ። ተረጋግቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መመሪያውን ከፊታቸው አነሡ፤ የተሳሳተ መረጃ ያቀረበ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይሰረዛል ይላል። ኦቦ ቱፋ እንዳይጠየቁ ባለፈው ክረምት ሞተዋል።

«ክርክር ምን ያደርጋል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሰውየው እዚሁ ሲ.ኤም.ሲ አይደለም ወይ ያለው? እንጠይቀው።» ስልኩን አነሡና ደወሉ።

እንግዲህ እዩት። የሠራሁት ሥራ ሁሉ፣ የወጣሁት ዳገት ሁሉ፣ ያ ቦታ፣ የቀሩኝ ዓመታት በዳምጠው አፍ ላይ ተንጠለጠሉ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጣቶቼን እያየሁ ተቀመጥኩ። የእሱን ሣቅ ከተቀባዩ ውስጥ ከወዲህ ማዶ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የሚሉትን ብቻ እሰማለሁ።

«የእሷ ነው? ... ሙሉ በሙሉ? ... እርስዎስ? ... ጉንፋን?» ሥራ አስኪያጁም ሳቁ። «የለም፣ የለም፣ ይህን ያህል ግልጽ ሰው አላየሁም። ... እንዴ፣ በደስታ!» ተቀባዩን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «ሊያናግሩዎት ይፈልጋሉ።»

«እትዬ ጽጌ!» አለ ዳምጠው። «እውነቱን ነገርኳቸው። ደስ አለሽ?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «እነዚያስ? አሁን ያሉበት?»

«እነሱማ ውል ፈርመው ጨርሰዋል፤ እዚህ እንዳለ ይቀመጣል። እዚያ የአንቺ፣ እዚህ የእኔ። ማን ተጎዳ?»

አንዱን በሬ በሁለት ገበያ ሸጦ ከሁለቱም ምርቃት ተቀበለ። እውነቱን የተናገረው ምንም የማያስከፍለው ቀን ስለሆነ ነው፤ ቢያስከፍለው ኖሮ ምን ይል እንደነበር እሱም እኔም እናውቃለን። ዞር ስል ሦስቱም እያዩኝ ነው። አስናቀች ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው!» አለች። የሠራተኛው ተወካይ ራሱን ነቀነቀ። ሥራ አስኪያጁ አገጫቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩልኝ።

«ያመስግኗቸው እንጂ፣ ወይዘሮ ጽጌ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ ወደ ስልኩ።

«ምን አልሽ? መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ አልሰማሁሽም» አለኝ።

መስመሩ አልተቆራረጠም። የሚተነፍሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሦስቱም እየሰሙኝ፣ ደገምኩለት። ቦታውን አገኘሁ።